ለሌላ ሰው ትከሻ የተቆረጠ ካፖርት

ሰዉ ሁሉ «ግድየለም» ነው የሚላት። እናቷ ያወጣችላት ደህና ስም ነበራት፤ ግን የሚጠራው ሲጠፋ ስም ምን ይሠራል? «ወንበርሽን ልውሰደው?» ግድ የለም። «ተራሽን ልቅደምሽ?» ግድ የለም። «እሁድ እኔን ተክተሽ ትገቢልኛለሽ?» ግድ የለም። እንዲህ እያለች አደገች፣ እንዲህ እያለች ጎለመሰች፤ ከጆሮዋ በላይ ሽበት ጣል ጣል ማድረግ ሲጀምር እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የሰፈሩ ፖስተኛ ብቻ ሆኖ ቀረ። የሚያናድደው ደግሞ ሲጠሯት ፊታቸው ላይ የሚነበበው ርኅራኄ ነው። «እሷማ ቅድስት ናት» ይላሉ። ቅድስት የምትሆነው ሱሪያቸውን በነፃ ልታሳጥርላቸው ይዘው የመጡ ቀን ነው፤ በማግስቱ ሰላምታም የላቸው።

ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ የስፌት ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ሲገቡ ሦስተኛዋ መኪና የእሷ ነች። እጅጌ ትገጥማለች፣ ገበር ታስገባለች፣ የቁልፍ ቀዳዳ ትጠልፋለች። ከጧት እስከ ማታ የሰው ልብስ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። ለራሷም በዓመት አንዴ ጨርቅ ገዝታ ቀሚስ ትሰፋ ነበር፤ አንዱም ግን ገላዋ ላይ አልከረመም። ታናሽ እህቷ መስተዋት ፊት ታቆማትና ከንፈሯን ትመጥላታለች። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ትከሻሽን ጨምድዶ ይዞሻል። ደረትሽም ላይ አልዘጋ አለ። ለእኔ አይሻልም?» እውነትም ይዟታል። ታናሺቱ ስታጠልቀው ደግሞ ልክክ ይልላታል። ግድየለም ታወልቅና ትሰጣታለች፤ አሮጌ ሹራቧን መልሳ ትለብሳለች።

የምትኖረው ከስፌት ቤቱ ትይዩ ባለው ፎቅ፣ ሦስተኛው ደርብ ላይ፣ ከእናቷ ጋር ነው። ወንድሟና ሚስቱ፣ ታናሽ እህቷም ጭምር፣ ከእነሱ በታች ያለውን ሰፊ ቤት ይዘዋል። ሰፊው ለምን ለእነሱ ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም። እናቲቱ አንድ ክረምት ደረጃ ላይ ወድቃ ወገቧን ተጎዳች። ሐኪሙ ጥቂት ወራት ተኝተሽ ቆዪ አላት። ወራቱ ዓመታት ሆኑ፣ ሐኪሙም ጡረታ ወጣ፣ እሷ ግን ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ አልወረደችም። ስለዚህ ግድየለም ጧት ተነስታ እናቷን ታጥባለች፣ ቁርሷን ታበላለች፣ ወደ ሥራ ትሮጣለች። ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ሲያወጉ እሷ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥታ ትራስ ታገላብጣለች፣ ሾርባ ታሞቃለች፣ ራሷ ቆማ አንድ ሁለቴ ትጎርስና ተመልሳ ትሮጣለች።

ወንድምየው የቢሮ ሰው ነው፤ ከረባት አይለየውም። እሁድ እሁድ ወደ ላይ ይወጣና በእናቱ አልጋ ግርጌ ተቀምጦ ስለ መስዋዕትነት ያወራል። «ቤተሰብ ማለት እኮ አንዱ ለሌላው ራሱን መስጠት ማለት ነው» ይላል፣ ግድየለም የጠበሰችውን ሥጋ እያላመጠ። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ስለ መስዋዕትነት አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩ ሰዎች ቢላዋው ወደ እነሱ ዞሮ አያውቅም። ሚስቱ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ታናሺቱ ጥፍሯን ታያለች፤ እናቲቱ ከአልጋዋ ላይ ሆና «ተባረክ» ትለዋለች። ሳህኑን የምታነሳው ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም።

እሷም ብትሆን ልባችሁን እንዳትበላው። ሾርባውን ታቀርባለች፤ ከሾርባው ጋር ግን አንድ ረዘም ያለ እህህታ ታስከትላለች። ቀሚሷን ትሰጣለች፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሁሉ እንዲያያት ጎበጥ ብላ ትዞራለች። «ደክሞሽ ነው?» ሲሏት «ኧረ እኔ ምን አለብኝ» ትላለች፤ ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ያለው ምሬት ወተት ያበላሻል። በአፏ ግድ የለም ትበል እንጂ ሆዷ ውስጥ አንዱም አልጠፋም። የትኛው ቀሚስ በየትኛው ክረምት እንደሄደ ከእንቅልፏ ብትቀሰቅሷት ትነግራችኋለች። እንዲህ ያለ ደግነት ለሰጪም ለተቀባይም ቁርጠት ነው።

የስፌት ቤቱን ባለቤት ደግሞ ሰፈሩ «ለራሴ» ብሎ ሰይሞታል። ደረቅ፣ ቀጭን፣ ሜትር ከአንገቱ የማይወርድ ሽማግሌ ነው። በስፌት ቤት ውስጥ የሚሰፋው ብዙ ነው፤ የሚቆርጠው አንድ ነው፤ የሚቆርጠውም እሱ ነበር። ስፌት ቢበላሽ ይተረተራል፤ መቀስ አንዴ የሄደበትን ግን ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ የመቁረጫው ጠረጴዛ በመስኮቱ በኩል ብርሃን ላይ ተቀምጧል፤ ሌላ ሰው ክርኑን እንኳ አያሳርፍበትም። መቀሱን ለማንም አያውስም። በሰዓቱ ይገባል፣ በሰዓቱ ይወጣል። ለምን እንዲህ አደረግህ ያሉት ሁሉ የሚያገኙት መልስ አንድ ነው፤ «ለራሴ ብዬ።»

አንድ ጊዜ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሚስት ቀሚሷን ከተራዋ በፊት እንዲጨርስላት መጣች።

«ለደግነትዎ ብለው» አለችው።

«ተራው የአናጢው ሱሪ ነው።»

«አናጢው ምን ያደርግልዎታል?»

«ምንም። ግን ዛሬ እሱን ብዘልለው ነገ እርስዎንም እንደምዘልል ያውቁብኛል። እኔ ደግሞ ታምኜ መኖር እወዳለሁ፤ ጥሩ እንቅልፍ ያስተኛኛል።»

ሴትዮዋ እየተነጫነጨች ወጣች። ያን ሳምንት ሰፈሩ በሙሉ አንድ አፍ ሆኖ አማው፤ ጨካኝ ነው፣ ስስታም ነው፣ ለራሱ ብቻ ነው የሚኖረው። ሐሜቱን ሲጨርሱ ልብሳቸውን ይዘው እሱው ዘንድ መጡ። የት ይሂዱ? ማዶ ያለው ደጉ ልብስ ሰፊ ለሁሉም እሺ ባይ ነው፤ ለሁሉም እሺ ከማለቱ የተነሳ አንድ ሙሽራ ሱሪው በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ ሠርጉ ላይ ሲቆም አይተናል። የደጉን ሰውዬ ደግነት ማንም አልካደም፤ ሱሪ ግን አላገኙም።

ግድየለም ከወጣትነቷ ጀምራ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያን ጠረጴዛ። ሽማግሌው ጨርቅ ሲዘረጋ መኪናዋን ቀስ ታደርግና በዓይኗ ትከተለዋለች። ጠመኔው የት እንደሚዞር፣ መቀሱ ብብት ጋ ሲደርስ እንዴት እንደሚጠመዘዝ በልቧ ይዛዋለች። መንገድ ላይ ሰው ስታይ በሐሳቧ ኮቱን አውልቃ እንደገና ትቆርጥለታለች። ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። ብትናገረው ሰው ስለሚስቅባት አልነበረም፤ «ታዲያ ለምን አትጠይቂም?» ብሎ የሚያስጨንቃት እንዳይመጣባት ነው።

አንድ ሰኞ ቀን የሽማግሌው እጅ ግራጫ ሱፍ ላይ ተንቀጠቀጠ። መቀሱን አስቀመጠ፤ ከሰዓት በኋላ አንድም ጨርቅ አልነካም። ሌሎቹ ሲወጡ ግድየለምን ጠራት።

«እጄ ከዳኝ» አላት። «ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሰው ይቆማል። አንቺን አስቤያለሁ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምኔ ሆኖ…»

«አትልፈስፈሺብኝ። ላንቺ አዝኜ አይደለም፤ ለራሴ ብዬ ነው። ስቆርጥ ዓይንሽ መቀሴን ሲከተል ስንት ዘመን አይቻለሁ። ሌላ ሰው ባስቀምጥ ጨርቅ ሲያበላሽ እያየሁ ቆሽቴ ያርራል። እኔ አሁን የምፈልገው በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ከዚህ ቤት ደህና ልብስ ሲወጣ ማየት ነው።»

ከመደርደሪያው ወፍራም ቡናማ ሱፍ አወረደና ክንዷ ላይ ጣለው። ቆራጭ ሊሆን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ለራሱ ይቆርጣል፤ እሱም ካስተማረው ሰው የተቀበለው ወግ ይኸው ነበር። «ደንበኛማ ቆሞ ያስለካል፤ ቢጠበውም ይነግርሻል» አላት። «ራስሽን ግን ራስሽ ነሽ የምታውቂው። ካፖርት ቁረጪ፣ ስፊው፣ ዓርብ ለብሰሽው ነይ።»

ጨርቁን አቅፋ መንገዱን እንዴት እንደተሻገረች አታውቀውም። ደስ አላት። ደስታ ብርቋ ስለሆነ መጀመሪያ ሕመም መስሏት ደረቷን ያዘች። ያን ቀን እናቷ ሾርባዋን ያለ እህህታ ጠጣች፤ «ምን ሆንሽ?» እስክትላት ድረስ።

ረቡዕ ላይ ወንድምየው ከቢሮ እንደወጣ ከነከረባቱ ወደ ላይ መጣ፤ ታናሺቱም ተከትላዋለች። ረቡዕ መጥቶ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ እማዬ ብቻዋን መዋል የለባትም። ዕድሜዋ እየገፋ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ቤት ትሆኛለሽ። የስፌት መኪና እዚህ እናስገባልሻለን፤ እየሠራሽ ከጎኗ አትጠፊም። ሁላችንም ተነጋግረን ተስማምተናል።»

«ሁላችንም» ያለው እሱ፣ ሚስቱና ታናሺቱ ናቸው። ታናሺቱ ዓይኗን አቅለስልሳ «እኔ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር እትዬ፣ ግን ታውቂኛለሽ፣ የሕመምተኛ ነገር አይሆንልኝም» አለች። እናቲቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የግድየለም አፍ ደግሞ ባለቤቱን ሳያማክር «ግድ የለም» ብሎ መለሰ።

ወንድምየው ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ወረደ። እሷ ወጥ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ ቆመች። የመቁረጫ ጠረጴዛ ሦስተኛ ደርብ ላይ አይወጣም፤ ቢወጣም ደንበኛው አይከተለውም። ቤት ገብታ የምትሠራው የጎረቤት ሱሪ ማሳጠር እንደሆነ፣ እሱንም በነፃ እንደሆነ አሳምራ ታውቀዋለች። በገዛ አፏ የገዛ ምኞቷን እንደጣለችው ሲገባት ራሷን በጥፊ መምታት አማራት። ግን አልመለሰችውም። ሐሙስ ማለዳ እናቷ ሳትነቃ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርጋ ቡናማውን ሱፍ ዘረጋች፤ ሰኞ ለማትቆምበት ጠረጴዛ ፈተናውን ቆረጠች። ሞኝ ናት ብትሉ አልከራከራችሁም።

ዓርብ ዕለት ካፖርቱን ስፌት ቤት ውስጥ አጠለቀችው። ማጥለቅ ከተባለ ነው። ትከሻዋ ገብቶ ቀረ፤ እጅጌው ከአንጓዋ በላይ ቆመ፤ ደረቷ ላይ ሁለቱ ጠርዞች እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ተራርቀው ቀሩ። ሁለተኛው መኪና ላይ ያለው ሰውዬ አፉን በክንዱ ሸፍኖ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቀም። ዞራት፣ ኮሌታውን ዳበሰ፣ የጎኑን ስፌት በጣቱ ተከተለ።

«መቀሱ ንጹሕ ነው» አለ። «ኮሌታው ተቀምጧል። የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ።»

«ያንቺ አይደለም። ይሄ የአንዲት ቀጭን ልጅ ካፖርት ነው። በማን ልክ ነው የቆረጥሽው?»

«ሜትር አላነሳሁም ነበር። ልኩን በቃሌ ስለማውቀው…»

«የማንን ልክ?»

ካፖርቱን ቁልቁል አየችው። ጠመኔውን ይዛ ጨርቁ ላይ ስትጎነበስ ከጭንቅላቷ የወጣው ቁጥር የታናሽ እህቷ ነበር። ያለፈው ዓመት ቀሚስም የእሷ ነበር፤ ከዚያ በፊት ያለውም፣ ከዚያ በፊት ያለውም። ዞሮ ዞሮ ወደ እሷ እንደሚሄድ እጇ አስቀድሞ ስላወቀ ከመጀመሪያው በእሷ ልክ ይቆርጠው ነበር። በዚህች ምድር ላይ እንዲህ ያለ ስህተት የምትሠራ ልብስ ሰፊ ሌላ ያለች አይመስለኝም። ያን ሁሉ ዓመት መስተዋት ፊት ቆማ ቀሚሱ አልዘጋ ሲላት ወፍራም የሆነች ይመስላት ነበር።

«የእህቴን» አለች በመጨረሻ። ቀጥላም ቸኩላ፣ «ለነገሩ ግድ የለም ጋሼ። ከሰኞ ጀምሮ ቤት ልቀመጥ ነው፤ ለእናቴ ስል» አለች።

ሽማግሌው በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «እናትሽን ማጠብ፣ አጠገቧ መዋል፣ ያስደስትሻል?»

«እሱማ ግዴታዬ…»

«ግዴታሽን አልጠየቅኩሽም። የሚያስደስትሽ ከሆነ ሂጂ። ለራስሽ ብለሽ ታደርጊዋለሽ፤ ማንም እንዲያመሰግንሽ አትጠብቂም፤ እሷም በሰላም ትታጠባለች። የማያስደስትሽ ከሆነ ለምን ታደርጊዋለሽ?»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«አየሽ፤ ለእናትሽ አይደለማ። ለሰው አፍ ነው።»

ፊቷ ቀላ። «ለእርስዎ ቀላል ነው» አለች። «እርስዎ ለማንም አይኖሩም።»

«አልኖርም። በማንም ላይም አልኖርም። የሚያሙኝ ሰዎች ሁለተኛዋን አያነሷትም።» ተነሳና ካፖርቱን ከትከሻዋ ላይ ፈልቅቆ አወጣላት። «እኔ የምሰጠውን ወድጄ ስለምሰጥ ዞሬ አላቃስትም። አንቺ የሰጠሽውን ሁሉ እያቃሰትሽ ነው የሰጠሽው። ሰዎቹ ተጠቅመዋል ብለሽ ነው? ከቀሚሱ ጋር ኩርፊያሽንም ነው የለበሱት። ይሄን ተይው፣ ቀጭን ደንበኛ አላጣለትም። ሰኞ ጧት ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ይዘረጋል። ከቆምሽበት መቀሱ ያንቺ ነው። ካልመጣሽ ለዚያ ለሚስቀው እሰጠዋለሁ፤ ያበላሻል፣ እኔም እናደዳለሁ፣ እሱ ግን ቢያንስ እፈልጋለሁ ብሎኛል።»

ቅዳሜ ዕለት ግድየለም ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ሜትሯን አውጥታ ራሷን ለካች። ወገብና ደረት ቀላል ነው። ትከሻ ግን ሰው ለራሱ አይለካም፤ ጀርባዋን በሩ ላይ ለጥፋ ግራና ቀኝ በጠመኔ ምልክት አደረገችና ዞራ ለካችው። ሰፊ ትከሻ ነው ያላት። ደጋግማ ለካችው፤ አልጠበበም። እናቷ ከአልጋዋ ላይ «ምን ያንኳኳል?» ብትላት «ምንም» አለቻት፤ ምልክቱን ግን አላጠፋችውም።

እሁድ እንደተለመደው ሁሉም ተሰበሰቡ። ሥጋውን ጠበሰች፣ አቀረበች፣ ዛሬ ግን ራሷም ሳህን ይዛ ተቀመጠች። ወንድምየው አሮጌዋን ንግግሩን ጀመረ። እስኪጨርስ ጠበቀችውና «ነገ ሥራ እገባለሁ» አለች። «ቆራጭ ሆኛለሁ።»

ሹካው አየር ላይ ቀረ። «እማዬስ?»

«እማዬ የአራታችን እናት ናት፤ ሚስትህንም ቆጥሬ። ተራ እናውጣ፤ የኔን ተራ አልሸሽም።»

«እትዬ፣ ረቡዕ እኮ ግድ የለም ብለሽኝ ነበር።»

«ዋሽቼህ ነው። ያኔም ግድ ነበረኝ።»

የወንድምየው ሚስት «ካልቻልሽማ ምን ይደረጋል፣ አቅምሽን እናውቃለን» አለች። ይህቺ ብልህ ሴት ናት፤ በር ከፈተችላት። አልቻልኩም ብትል ያዝኑላታል፣ ካዘኑላት በኋላ ደግሞ አይዞሽ ትችያለሽ ብለው ይመልሷታል። ግድየለም በሩን አየችው። ገብታበት የኖረችበት በር ነው።

«እችላለሁ» አለች። «አልፈልግም።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ አልዘረዝርላችሁም። ታናሺቱ አለቀሰች፤ ለእናቷ ይሁን ለወደፊት ቀሚሶቿ እንጃ። ወንድምየው ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ፤ ከተማረበት ዘመን ጀምሮ ስለ ሰው ልጅ የሰማውን ሁሉ አንድ በአንድ አነሳባት፤ ተራውን ግን የትኛው ቀን እንደሚይዝ አልተናገረም። በመጨረሻ «አንቺ እንዲህ ለራስሽ ብቻ የምትኖሪ ሰው አትመስይኝም ነበር» ብሏት ወረደ። ድሮ ብትሆን ይህ ቃል ሳምንት ያስተኛት ነበር። ዛሬም አመማት፤ ተነስታ ሳህኖቹን አጠበች። እናቲቱ አሁንም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

ሰኞ ጧት ለእናቷ ሾርባ በፔርሙዝ ሞልታ አልጋው አጠገብ አስቀመጠች። የወንድሟን ሚስት አንዴ ብቅ ብለሽ እይልኝ ብላ ለመነቻት። «አያለሁ» አለቻት፤ ያ «አያለሁ» ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ሱፍ ተዘርግቷል፤ የአናጢው ኮት ነው። ሽማግሌው መቀሱን እጀታውን ወደ እሷ አዙሮ አቀበላትና በሩ ላይ ሄዶ ተቀመጠ፤ ዞሮም አላያትም። የመጀመሪያውን ቆረጣ ስትጀምር ሐሳቧ ማዶ ፎቁ ላይ ነበር። እናቷ ወድቃስ? ውኃ ጠምቷትስ? ይህን እያሰበች መቀሱ ጨርቁ ውስጥ ገባ። ብብቱ ጋ ሲደርስ እጇ ራሱ ተጠመዘዘ፤ ጨርቁ ለሁለት ተለይቶ ተኛ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ማንም አላሰበችም። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ አላወቀችም። ደስታ ማለት ይሄ ከሆነ እስከ ዛሬ ሲነግሯት የኖሩት ሌላ ነገር ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሥራ አበቃ፤ ያኔ ፍርሃቱ ተመልሶ ያዛት። መንገዱን ሮጣ ተሻገረች፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ዓይኗ ላይ የሚመላለሰው እናቷ መሬት ላይ ተዘርራ ነው። ሁለተኛው ደርብ ስትደርስ የሚቁላላ ሽንኩርት ሸተታት፤ የወንድሜ ሚስት ናት ብላ አለፈች። ሦስተኛው ደርብ ላይ ሽታው በረታ። በሩን ከፈተችው። አልጋው ባዶ ነው፤ ብርድ ልብሱ በሥርዓት ታጥፏል። ወጥ ቤት ውስጥ እናቷ በእግሯ ቆማ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በሌላው እያማሰለች ታንጎራጉራለች።

ልጇን ስታይ ማማሰያው ቀጥ አለ። ግድግዳውን ደገፍ አለች። «ተቸግሬ እኮ ነው» አለች።

«ትቆሚያለሽ።»

«ቀስ እያልኩ…»

«ከመቼ ጀምሮ?»

እናቲቱ ወደ ድስቱ አየች። «ቆየት ብሏል።»

የግድየለም ደም ፈላ። ያ ሁሉ ደረጃ። ያ ሁሉ የምሳ ሰዓት። ሊያገባት ጠይቆ «እናቴን ለማን ትቼ?» ብላ የመለሰችው ያ ደህና መካኒክ፣ ዛሬ የልጆች አባት የሆነው። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«መች ጠየቅሽኝ?» አለች እናቲቱ። «መጀመሪያ ተነስቼ ያየሽኝ ቀን ተኚ፣ ትሰበሪያለሽ ብለሽ ጮኽሽብኝ። ሌላ ቀን ሳህን አጥቤ ብጠብቅሽ፣ እኔ ታዲያ ምን ልሠራ ነው ብለሽ አኩርፈሽ ሰነበትሽ። ትራሴን ስታገላብጪ ፊትሽን አየዋለሁ እኮ። ሌላ የምትይዢው ነገር ያለሽ አይመስልም ነበር። ተኝቼልሽ ኖርኩ። መተኛት የምወድ መሰለሽ? ጀርባዬ ቆስሏል። ላንቺ ብዬ ነው።»

ግማሹ ውሸት ነው። ተኝቶ መብላት የሚጠላ የለም፤ እናቲቱም አልጠላችውም። ግማሹ ግን እውነት ነበር፤ ግድየለም ያን የሳህን ቀን አስታወሰችው፣ ኩርፊያዋንም አስታወሰችው። እነሆ ሁለት ሴቶች፤ አንዷ ለእናቴ ብላ ስትሮጥ፣ አንዷ ለልጄ ብላ ስትተኛ፣ ሁለቱም የማይፈልጉትን ኑሮ እየተማረሩ ይሄን ያህል ዘመን ገፉት። አንዷ አንድ ቀን የምፈልገው ይሄ ነው ብትል ኖሮ ሌላዋም ትድን ነበር። ይሄን ነው ሰፈሩ ቅድስና የሚለው፤ እኔ ለጠላቴም አልመኘው።

ግድየለም ወደ በሩ ዞረች። በሩን በላይዋ ላይ ወርውራ መውጣት አማራት፤ የምትሄድበት ግን አልነበረም። ደግሞ ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

«እርቦኛል» አለች።

እናቲቱ ቀና ብላ አየቻት። ከልጅነቷ ወዲህ ይህን ቃል ከአፏ ሰምታው አታውቅም። «ተቀመጪ» አለቻት፤ ሳህን አወረደች፣ ጨለፈች፣ ወገቧን በአንድ እጇ ይዛ ከምድጃው ወደ ጠረጴዛው መራመድ ጀመረች። ታነክሳለች፤ ሳህኑ ይንቀጠቀጣል፤ መረቁ ጠርዙ ላይ ይመላለሳል። የግድየለም ጉልበት ልነሳ ልቀበላት አለ። ወንበሯን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ተቀመጠች። ሳህኑ ደረሰ። ጨው በዝቶበታል፤ እያለቀሰች ጨርሳ በላችው።